ችካሉ ሳይነቀል

መጋቢት 8 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ቤቴን ለኩት። ሁለት ልጆች መጡ። አንዱ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን በሩ ፊት አቆመ፣ ሌላው ስልኩ ላይ ጻፈ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከልማድ የተነሳ "ጫፉን ልያዝላችሁ?" አልኩ። ልጁ ሳቀ።

"አባባ፣ ይሄ ጫፍ የለውም።"

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤትና የሰው መንገድ ስለካ ኖሬአለሁ። ወረቀቱ ላይ "የቅየሳ ረዳት ገብረጊዮርጊስ" ይላል፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን ሜትር ያዥ ብሎ ነው። ቀያሹ ወዲያ ማዶ ሆኖ ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ ዜሮውን ችካሉ ላይ አድርጌ "ያዝኩ!" እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። እዚሁ ልደታ የታችኛው ሰፈር በመጀመሪያ ሲነሳም ዜሮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ሜትሩ እንዳይላላ እንጂ ስለ እሷ አላሰብኩም። አሁን ተራው ደረሰኝ። እግዜር አይረሳም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ልቀቁ ተብለናል።

ባለቤቴ ወለተሰንበት ከሞተች ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤት ውስጥ የማወራው ሰው ስለሌለ ነው የምጽፈው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው። ለምትክ ቤት ሁለት ቦታ አማርጠውናል። አንዱ በኮዬ ፈጬ በኩል ነው። ሌላው በተቃራኒው፣ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ጫፍ። ፎርሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ይመለስ ተብሏል።

ልጄ ሩሃማ የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከዚህ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ሩቅ ነው።

ግድግዳ የምንጋራት ሸዋዓለም "አንተማ ምን አለብህ፣ ልጅህ ጋ ትገባለህ" አለችኝ። ደወል ተደወለ ብዬ ወጣሁ። አልተደወለም ነበር።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ንፍሮ።

ግንቦት ልደታን ደጅ ወጥተን ሳንበላ ያሳለፍንበት ዓመት የለም። ሁሉም ያዋጣል፣ ትልቁ ድስት መንገዱ ላይ ይጣዳል፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይዘግናል። ሽምብራውን የሚሰጠን የጉሊቱ ባለ ሱቅ አብዱልመናን ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። "እኔ ለልደታ አይደለም፣ ለናንተ ሆድ ነው የምሰጠው" እያለ ይቀልዳል።

"ዘንድሮ የት ሆነን?" አለ አንዱ።

"እዚሁ ነዋ!" አለች ሸዋዓለም። "ጣራው ቢፈርስ መሬቱ የት ይሄዳል? በየተበተንበት ሆነን ግንቦት አንድ እዚህ እንገናኝ። የቀረ ከዕድር ይሰረዝ!"

ሳቁ። ድስቱ እኔ ቤት ስለሚቀመጥ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ወለተሰንበት ነበረች የምታጥበው። ታጥቦ እንደተደፋ ነው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ስልኬ አልጠራ ስላለኝ ቤኪ ጋ ወሰድኩት። ቤኪ መታጠፊያው ላይ ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። ነካካችውና መለሰችልኝ።

"ስልኩ ደህና ነው ጋሼ። የሚደውል ሰው ነው የጠፋው።"

ያስቀየመችኝ መስሏት ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ "የሩሃማን ቻናል ልክፈትልዎ? እህቴ ለማትሪክ የምታጠናው በሱ ነው" አለች። ልጄ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ለካ ማታ ማታ በቴሌግራም በድምፅ ታስተምራለች። ቤኪ ነካ አደረገችው።

"ደህና ናችሁ ልጆች..."

የእናቷ ድምፅ ነው። ቁርጥ የእናቷ። "ይበቃል፣ ዝጊው" አልኩና ይዤው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ትምህርቱ ስለ ጋላክሲ ነው። ጋላክሲ ማለት ከዋክብት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ ፀሐያችንም የአንዱ ሰፈር ነዋሪ ናት። እስከዚህ ገባኝ።

ቀጥላ ግን በጋላክሲና በጋላክሲ መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው ይጨምራል አለች። ሮጠው አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ጠፈር ራሱ እየሰፋ ነው። የድፎ ዳቦ ሊጥ በሉት ልጆች፣ አለች። ጥቁር አዝሙድ ጣል ጣል አድርጋችሁበት ኩፍ ሲል ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፤ አንዱም ፍሬ ግን ሊጡን ሰንጥቆ አልሄደም። ከየትኛውም ፍሬ ላይ ሆናችሁ ብታዩ የሚርቁት ሌሎቹ ናቸው። እጥፍ የራቀው ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ይርቃል፣ በመካከል ያለው ሊጥ እጥፍ ነውና።

ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ በሁለት ችካል መካከል ያለ ርቀት ከተለወጠ፣ ወይ ሰው ችካል ነቅሏል ወይ ሜትሩ ተበላሽቷል። ሦስተኛ ነገር የለም። አዋሽ በረሃ ላይ ጠዋት የለካነውን ሠላሳ ሜትር ቀትር ላይ ብንደግመው ሰባት ሚሊ አነሰብን። አለቃችን "መሬቱ አልሸሸም፤ ብረቱ ሜትር ነው በፀሐይ የረዘመው" አለን። ርቀት አይዋሽም።

እሷም እኮ እዚያው ናት፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ማናችንም አልተነሳንም። አራት ዓመት ሙሉ።

ደግሞስ ሁሉ ነገር ከሰፋ መለኪያውም አብሮ ይሰፋ የለ? ማን ያውቃል ታዲያ?

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ጥያቄውን ቤኪ ጻፈችልኝ።

"ስም ማን ልበል?"

"ሜትር ያዥ በይ።"

"ጋሼ! ለገዛ ልጅዎ በቅጽል ስም?"

"ጻፊ ብያለሁ።"

ጻፈች። አንገቷን ግን ነቀነቀች።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ቦኖ ውሃው ጋ ሸዋዓለም ለአንዷ ስታወራ ሰማኋት። ከኋላ መሆኔን አላየችም።

"ግሸን ድረስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሲንገላታ አይርቀውም። ልጁ ቤት ሲሆን ራቀ!"

ግሸን ስእለት ነው። ይለያል።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

የሩሃማ ባል መጣ። ኢፋ ይባላል። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው። ክፉ ነገር አላየሁበትም፤ ስለ ሃይማኖቱም አንድ ቀን ተናግሬው አላውቅም። ሠርጋቸው ቀን አሞኝ ስለነበረ ወለተሰንበት ብቻዋን ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ያልሄድኩት ስለሚርቅ ነው።

በር ላይ ቆመን አወራን። ወንበሩ ላይ ዕቃ ነበረበት።

"አባባ፣ ቤቱ እንደሚፈርስ ሰማን። ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ ለጸሎት ይመቸዋል ብላ ሩሃማ ናት ያኔ የመረጠችው።"

"መቼ?"

"ቤቱን ስንይዝ። አራት ዓመቱ።"

"አስብበታለሁ" አልኩት።

"መኪና ይዤ መምጣት እችላለሁ፣ ዛሬም ቢሆን..."

"አስብበታለሁ አልኩህ እኮ።"

ጎንበስ ብሎ ፌስታል ደፉ ላይ አስቀመጠ። "የጾም ነው፣ ቅቤ የለውም። እሷ ናት የጋገረችው።" ሄደ። ከሄደ በኋላ ዕቃውን ከወንበሩ ላይ አነሳሁት። አንድ ጃኬት ነበር።

ዳቦው ጥቁር አዝሙድ አለበት። በሁለት ፍሬ መካከል ያለውን በጣቴ ለካሁ፤ አንድ ጣት ይሆናል። ስትጋግር ስለ ትምህርቷ እያሰበች ይሆን? ግማሹን ለሸዋዓለም ሰጠኋት። ማን ጋገረው አላለችኝም።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ፎርሙን ፈርሜ መለስኩ። ሰሜን ምዕራብ። አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ቤተክርስቲያንም አለው። ሰው አዘነልኝ ብዬ ሰው ቤት አልገባም።

የፎርሙ ጸሐፊ ካርታ ነበረው። ከዚያ እስከ ኮዬ ፈጬ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

መለሰችልኝ!

"ሜትር ያዥ የተባሉ ጠያቂ አሉን" አለች። "ሁሉ ነገር ከሰፋ ሜትሩም አብሮ ይሰፋል፣ መስፋቱን በምን እናውቃለን ነው የሚሉት። ልጆች፣ ይሄን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ብዙ ሰው አይጠይቀውም።" እንዲህ አለች። በእኔ ጥያቄ።

መልሱን ሁለቴ ሰምቼ ነው የምጽፈው። ሜትሩ አይሰፋም። ብረቱ እርስ በርሱ አጥብቆ ተያይዟል፤ የጠፈሩ መስፋት ያን ማላቀቅ አይችልም። ሰውነታችንም፣ ምድርም፣ ምድርና ፀሐይም፣ አንድ ጋላክሲ ውስጥ ያሉ ከዋክብትም እንደዚሁ፤ ስበት ይዟቸዋል። አዝሙዱ ራሱ ኩፍ አይልም፣ ኩፍ የሚለው ሊጡ ነው። ጎረቤታችን የሆነችው አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ እንዲያውም እየቀረበችን ነው፤ ቅርብ ለቅርብ ስበት ያሸንፋል። ርቀቱ የሚሰፋው መያያዙ ከመስፋቱ በደከመበት ቦታ ነው።

"ብረት ሜትር ቀትር ላይ በፀሐይ እንደሚረዝም የነገረኝ ሰው አለ" አለች ደግሞ። "መጀመሪያ መለኪያህን ጠርጥር፣ ቀጥሎ ችካልህን፣ መሬቱን መጨረሻ ይል ነበር። የጠፈር ተመራማሪዎችም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። መለኪያውን ጠረጠሩ፣ ደህና ሆነ። ችካሉን ጠረጠሩ፣ ደህና ሆነ። መሬቱ ነው የቀረው።"

ያን የነገርኳት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሜትሩን ቤት አምጥቼ ግቢውን አብረን ስንለካ ዜሮውን የምትይዘው እሷ ነበረች። "ያዝሽ?" ስላት "ያዝኩ አባዬ!" ብላ ሰፈሩን ታናጋዋለች። አልረሳችውም። ጠያቂው እኔ መሆኔን ግን አላወቀችም። በምን ታውቃለች።

ሰማይን የዘረጋው እሱ ነው። መዘርጋቱን አላቆመም ማለት ነው። ይህ እንኳ ደስ አለኝ። ቀሪው አሳዘነኝ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሩሃማ ደወለች።

"እንኳን አደረሰህ አባዬ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን።"

"ጾሙን ፈታህ?"

"ፈታሁ።"

"ምን በላህ?"

"አለ፣ ብዙ ነገር አለ።" ሸዋዓለም የላከችልኝ ሁለት እንቁላል ነበር።

ስለ ፎርሙ ልነግራት ፈልጌ ነበር። "ካርድሽን አትጨርሺ" ብዬ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

አብዱልመናን ዛሬ ሄደ። መደርደሪያውን ነቅሎ ጫነ። "ጋሼ፣ የሽምብራው ነገር እንዳያሳስብዎት" አለኝ፤ ዓይኑን ግን ወደ መኪናው አዞረ። ባለፈው ሳምንት አራት ቤት ወጣ፣ በዚህኛው ዘጠኝ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ። ማንም ከማንም አልተጣላም። ትናንት ጨው በተበዳደሩ ሰዎች መካከል ዛሬ ከተማ ሙሉ ገባ። ይህ ነው እንግዲህ ሊጡ።

ሸዋዓለም ሰኞ ትሄዳለች። ግድግዳዬን ማን ያንኳኳል?

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ከኪዳን መልስ። ማርያም ናት ዛሬ። ፊቷ ቆሜ ያላልኩትን እዚህ ልጻፈው።

የዛሬ ዓመት በጾሙ ወለተሰንበት ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ "ሁለት ሳምንት ሩሃማ ጋ ልክረም" አለችኝ። "ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለ አለችኝ፤ እዚያ ልተኛ።" እኔ ምን አልኳት? ሩቅ ነው። መንገዱ ያንገጫግጭሻል። እሷም "እሺ" አለች። ሁልጊዜ እሺ ነው የምትለው። ፋሲካ ሲያልፍ ደግማ ጠየቀችኝ። ሩቅ ነው አልኳት። ሰኔ ሦስት ሞተች።

መንገዱ አስፋልት ነው። ያን ጊዜም አስፋልት ነበር።

ለቅሶው ላይ ሩሃማ ምንም አላለችኝም። ምነው በጮኸችብኝ። የእናቷን ልብስ አጣጥፋ ሰጠችኝና ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ነው እስከ ዛሬ የምሸሸው። እሷ ግን አልሸሸችኝም። እኔ እላለሁ፣ ማናችንም አልተነሳንም፣ ጊዜው ነው፣ ከተማው ነው፣ ኑሮው ነው። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት።

ትናንት ስለ ብርሃን አስተማረች። ብርሃን መንገድ ላይ እያለ መንገዱ ይረዝምበታል፤ ተለጥጦ ወደ ቀይ ያደላል። እጅግ የራቁት ጋላክሲዎች ዛሬ የሚልኩት ብርሃን ግን ከቶ አይደርሰንም፤ ድሮ የላኩትን እያየን አሉ እንላለን። በመጨረሻ "ሜትር ያዥ፣ ሌላ ጥያቄ ካለዎት እየጠበቅኩ ነው" አለች።

አለኝ። እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ፎርሙን ለማስቀየር ሄድኩ። "ተመዝግቦ አልፏል አባት፣ አይቀየርም" አለኝ ጸሐፊው። ልጁን መውቀስ አልችልም። ፊርማው የእኔ ነው።

ግንቦት 1፣ ዓርብ፣ ልደታ

በማለዳ ተሳልሜ መጣሁና ድስቱን ጣድኩ። በሦስት ብሎኬት ላይ፣ የአብዱልመናን ሱቅ በነበረበት። ዙሪያው ፍርስራሽ ነው። ሽምብራውን በታክሲ ረዳት ልኮልኛል፤ ስልክ ደውሎ "ጋሼ ሦስት ታክሲ ነው፣ እግሬ እምቢ አለ፣ ለልደታ ይንገሩልኝ" አለ። ሽምብራው የአርባ ሰው ነው፣ እንደ ድሮው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሸዋዓለም መጣች። ቀጥሎ ቤኪ። ቀጥሎ ማንም አልመጣም። ሌሎቹ ደወሉ። ዛሬ ስልኬ ጠራ፤ "እንኳን አደረሰህ፣ ሩቅ ሆነብን" እያለ ጠራ። ሩቅ ሆነብን። ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው እንዴት ያስጠላል!

"ሁሉንም ልሰርዛቸው ነው" አለች ሸዋዓለም። "ዕድሩ ውስጥ እኔና ድስቱ ብቻ እንቀራለን።" ስቃ ስታበቃ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። "ልጅህንስ ጠራሃት?"

"ሰፈሯ አይደለም እንዴ? መጠራት ያስፈልጋታል?"

"እሱን ተወው። ጠራሃት ወይ ነው ያልኩህ።"

አልጠራኋትም።

መጣች ግን። ከኢፋ ጋር፣ ፍርስራሹን እየተሻገረች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ንፍሮ በእጇ ዘገነች። ኢፋም ዘገነ፣ ሸዋዓለምን "ይብሉ እንጂ እናቴ" እያለ። ለእሱ ድንጋዩን በጃኬቴ ጠረግኩለት። ይህን ብቻ ነው ያደረግኩት።

ከዚያ ነገርኳት። ፎርሙን እንደፈረምኩ፣ ወዴት እንደሆነ፣ እንደማይቀየር።

ማኘኳን አቆመች።

"ከኛ ቤት ስንት ይሆናል?"

"አርባ አንድ ኪሎ ሜትር።"

"እማዬን ሩቅ ነው ያልካት ስንት ነበር?"

ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

"ሃያ ሦስት ነበር አባዬ" አለች ራሷ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "በመጣን ቁጥር በር ላይ ታቆመናለህ። ክፍሉን አራት ዓመት ባዶ አድርገን ይዘነዋል። እማዬ አንድ ቀን ሳታድርበት ቀረች።"

"ጋላክሲዎቹም እኮ ሳይጣሉ..." አልኩ። ምን ነካኝ? ከሁሉ ቃል ይህን መረጥኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ያንኑ አስተያየት።

"ሁለቱም ችካል ካልተነቀለ ነው እኮ ያልኩት፣ ሜትር ያዥ" አለችኝ። "ከተነቀለማ ሌላ ሒሳብ ነው።"

ተነሥታ ድስቱን አጠበች። እናቷ ታጥብ እንደነበረው፣ በአመድ። ከዚያ ሄዱ። የተረፈውን ንፍሮ ለአፍራሾቹ ሠራተኞች ሰጠን። የሠላሳ አምስት ሰው ነበር።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

የድሮ የመስክ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። ባዶ ገጽ ነበረው። እንደ ደንቡ ሞላሁት።

የሚለካው፦ ከአባት በር እስከ ልጅ በር።
የመጀመሪያ ልኬት፦ 23 ኪሎ ሜትር።
የአሁን ልኬት፣ በፎርሙ፦ 41 ኪሎ ሜትር።
የሜትር መርዘም፦ የለም።
የመሬት መስፋት፦ የለም።
ችካሉን የነቀለው፦ ገብረጊዮርጊስ።

ከታች ቀያሹ አይቶ የሚፈርምበት መስመር አለ። እሱ የእኔ አይደለም። ገጹን ይዤ ወደ ኮዬ ፈጬ ልሄድ ነው፣ ካመነችበት ትፈርምበት።